ቀመሩ ልክ፣ መልሱ ስህተት፦ የአክስለሬሽን ጥያቄዎች ችግርና መፍትሄ

የአክስለሬሽን (ፍጥነት በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) ጥያቄ የሚሳሳት ተማሪ ብዙ ጊዜ «ቀመር አልያዘም» ይባላል። እኔ የማየው ግን ቀመሩን በቃሉ ይዞ፣ ስሌቱንም በትክክል ሠርቶ መልሱን የሚስተውን ነው። ጥፋቱ ቁጥር ከመተካቱ በፊት ያልቃል።

ችግር፦ መልሱ ከልክ በላይ ተጋነነ።
ፍጥነቱ በኪሎ ሜትር በሰዓት እንደተሰጠ ገብቷል። በ3.6 አካፍሉት፤ 72 ኪሎ ሜትር በሰዓት 20 ሜትር በሰከንድ ነው።

ችግር፦ ርቀቱ ልክ እጥፍ ሆነ።
የመጨረሻው ፍጥነት በጊዜ ተባዝቷል። ከቆመበት ተነስቶ ፍጥነቱን እኩል እየጨመረ በ5 ሰከንድ 20 ሜትር በሰከንድ የደረሰ መኪና የሄደው 50 ሜትር ነው እንጂ 100 አይደለም። የሚባዛው አማካይ ፍጥነቱ፣ 10 ነው።

ችግር፦ ፍሬን የያዘ መኪና ወደ ኋላ ተመለሰ።
ይሄኛው ጎበዞችንም ይጥላል። በ20 ሜትር በሰከንድ የሚሄድ መኪና ፍሬን ሲይዝ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ5 ይቀንሳል። በ6 ሰከንድ ውስጥ ምን ያህል ይሄዳል? ቀመሩ (መነሻ ፍጥነት × ጊዜ − ½ × የፍጥነት ቅነሳ × የጊዜ ስኩዌር) 120 − 90 = 30 ሜትር ይላል። መኪናው ግን በ4ኛው ሰከንድ ቆሟል፤ እስከዚያ የሄደውም 40 ሜትር ነው። ቀመሩ መኪናው መቆሙን አያውቅም፤ ለቀሪው 2 ሰከንድ ወደ ኋላ 10 ሜትር ነዳው። ስለዚህ የፍሬን ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቆምበትን ጊዜ አውጡ። የተጠየቀው ጊዜ ከዚያ ከበለጠ፣ የምትተኩት የሚቆምበትን ጊዜ ነው።

ችግር፦ ከስኩዌር ሩት ስር ኔጌቲቭ ቁጥር መጣ።
ከ20 ሜትር ፎቅ ጫፍ ኳስ በ15 ሜትር በሰከንድ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተወረወረ፤ መሬት የሚደርሰው መቼ ነው? የመሬት ስበትን አክስለሬሽን 10 እንበል። ወደ ላይ ፖዘቲቭ ካላችሁ፣ መሬቱ ከመነሻው በታች ስለሆነ ዲስፕሌስመንቱ (ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለው የቦታ ለውጥ) −20 ነው። +20 ብሎ የጻፈ፣ እኩልታውን በ5 አካፍሎ ሲፈታ ከስኩዌር ሩት ስር −7 ያገኛል፤ ኳሱ ከ11.25 ሜትር በላይ ስለማይወጣ 20 ሜትር ላይ መቼም አይደርስም። ምልክቱ ሲስተካከል 4 እና −1 ሰከንድ ይወጣሉ። መልሱ 4 ነው። −1ም ባዶ ቁጥር አይደለም፦ ኳሱ ከመሬት በ25 ሜትር በሰከንድ ተወርውሮ ቢሆን ኖሮ፣ ከ1 ሰከንድ በኋላ ፎቁ ጫፍ ላይ በ15 ያልፍ ነበር።