በፐርል ሪፖርት አናት ላይ የዕለቱን ቀን ማተም

ቀን ያልተጻፈበት ሪፖርት ከሳምንት በኋላ ጠረጴዛ ላይ ቢገኝ የዛሬ ይሁን ያለፈው ወር ማንም አይለይም። ፐርል የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለዚህ ሥራ የሚሆን መሣሪያ ገና ከጅምሩ ይዟል፤ ላሪ ዎል እ.ኤ.አ. በ1987 ሲያወጣው አንዱ ዓላማው ሪፖርት ማዘጋጀት ነበር።

መጀመሪያ ቀኑን እንያዝ። ሎካልታይም የሚባለው ፈንክሽን ዘጠኝ ቁጥሮች ይሰጣል፤ ከሴኮንድ ይጀምርና ደቂቃ፣ ሰዓት፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመት እያለ ይቀጥላል። ወር የሚቆጠረው ከዜሮ ነው፤ ጃንዋሪ 0፣ ዲሴምበር 11። ዓመቱ ደግሞ 1900 ተቀንሶበት ይመጣል፤ 2025 ከሆነ 125 ይላችኋል። ድሮ ፊቱ ላይ «19» ለጥፈው ያለፉ ፕሮግራመሮች ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ሲነጋ ድረ ገጻቸው ላይ «19100» የሚል ዓመት ጠበቃቸው።

ስለዚህ በእጅ አትደምሩ። ፖዚክስ ከሚባለው ሞጁል ቀንን በፈለጋችሁት ቅርጽ የሚጽፈውን ስትርኤፍታይምን አስመጡና ሎካልታይም የሰጣችሁን እንዳለ አቀብሉት። «እንዳለ» ያልኩት በምክንያት ነው፤ 1900 ቀድማችሁ ከደመራችሁ እሱም ይደምርና 3925 ላይ ትገኛላችሁ። ቅርጹን የምትነግሩት በ% ምልክት ነው፦ ትንሹ ዲ ቀን፣ ትንሹ ኤም ወር፣ ትልቁ ዋይ ባለ አራት አሃዝ ዓመት። ትልቁን ኤም ከጻፋችሁ የሚታተመው ደቂቃ ነው። ይህ ስህተት ከዓይን ያመልጣል፤ 07 ወርም ደቂቃም ይመስላላ።

ውጤቱን ስክሪፕቱ ሲጀምር አንዴ ብቻ $ቀን በሚባል ተለዋዋጭ (ቫሪያብል) ውስጥ አስቀምጡት። በየገጹ አዲስ ከጠራችሁት እኩለ ሌሊትን የሚሻገር ሪፖርት በሁለት ቀን ይወጣል።

አሁን ወደ ገጹ አናት። ፎርማት፣ ማለትም የገጹን አቀማመጥ የሚነግር ንድፍ፣ አውጁና ስሙን «ኤስቲዲአውት» ብላችሁ ከኋላው በሰረዝ «ቶፕ» ቀጥሉበት፤ ሁሉም በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሰረዙም የታችኛው ነው። ስሙን ተከትሎ ከሚመጣው እኩል ምልክት (=) በታች ይህን ጻፉ፦

የዕለቱ ሽያጭ   @>>>>>>>>>   ገጽ @<<
$ቀን, $%
.

@ እና ዘጠኙ > አንድ ላይ አሥር ቦታ ይይዛሉ፤ በ/ የተለየ ቀን ልክ አሥር ነው። $% የገጹ ቁጥር ሲሆን ፐርል ራሱ ይቆጥረዋል። ነጥቧ ብቻዋን በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ትቁም። $ቀን ደግሞ ከፎርማቱ በላይ መታወጅ አለበት። ከዚያ ራይት በሚባለው ትእዛዝ ስታትሙ አናቱ በየገጹ ይደገማል፤ አንድ ገጽ ካልነካችሁት 60 መስመር ነው።

አዎ፣ ተለዋዋጩን በአማርኛ መሰየም ይቻላል፣ ፋይሉ አናት ላይ የዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በባይት የሚጻፉበት ሥርዓት) መመሪያውን ካስገባችሁ። መመሪያው ለጌጥ አይደለም። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ ያለ እሱ ፐርል «ሽያጭ»ን ሦስት ፊደል ሳይሆን ዘጠኝ አድርጎ ይቆጥራል፤ ዓምዶቹም ይዛነፋሉ። ለውጤቱም ቢንሞድ በሚባለው ፈንክሽን ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ንገሩት።

አንዴ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል የሚነሳ የሽያጭ ሪፖርት ሠርቼ ሒሳብ ሹሟ «ይሄማ የትናንቱ ነው» ብላ መለሰችልኝ። ኮዱ ልክ ነበር። ሰርቨሩ ግን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ስለሚሄድ ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ነው፤ ለእሱ ገና ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል፣ ያውም የትናንት ምሽት ነበር። መድኃኒቱ ስክሪፕቱን በሚያስነሳው መስመር ላይ የሰዓት ክልሉን የሚወስነውን ቲዜድ የሚባለውን የአካባቢ ተለዋዋጭ የአዲስ አበባ ማድረግ ነው።

አንባቢው የሚጠብቀው የኢትዮጵያን ቀን ከሆነ ከዓመቱ 8 ቀንሶ መገላገል አይሠራም፤ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7 ነው፣ ቀንና ወሩም ይለያያሉ። መቀየሪያ እስክታስገቡ ድረስ ከቀኑ ጎን «እ.ኤ.አ.» ጻፉበት።