ኪልት ለብሰው ወደ ኬልቲክ ሙዚቃ ኮንሰርት ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በስኮትላንዷ ግላስጎው ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በየዓመቱ ጥር ላይ የሚካሄደው ኬልቲክ ኮኔክሽንስ የተባለው የሙዚቃ ፌስቲቫል ሲቃረብ፣ በዚያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን «ኪልት (የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱት፣ ጉርድ ቀሚስ የሚመስል ባለ ሽንሽን የሱፍ ልብስ) ለብሼ ብሄድ ነውር ይሆንብኝ ይሆን?» እያልን እንጠያየቃለን። ነውር አይሆንም። ስኮትላንዳውያን የባህል ልብሳቸውን እንግዳ ሰው በወጉ ለብሶት ሲያዩ በአብዛኛው ደስ ይላቸዋል፤ ቅር የሚሰኙት እንደ መጫወቻ ተቆጥሮ በግዴለሽነት ሲለበስ ነው። የነጠላዋን ጥለት ወደ አንገቷ ያደረገች ሴት ወደ ለቅሶ እየሄደች መሆኑን ሳትናገር የምንረዳ ሰዎች ስለሆንን፣ ልብስ በአለባበሱ እንደሚናገር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ለጥንቃቄው ታሪካዊ ምክንያትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1746 የደጋማው አገር አማፅያን ከተሸነፉበት ከከሎደን ጦርነት በኋላ የብሪታንያ መንግሥት የስኮትላንድ ደጋማ አገር ሕዝብ ልብሱን እንዳይለብስ በሕግ ከለከለ። ከወታደር በቀር ለብሶ የተገኘ ሰው ለመጀመሪያው ጥፋት 6 ወር ይታሰር፣ ከደገመው ደግሞ ለ7 ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዝ ነበር። ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። ዛሬ በየአዳራሹ የምናየው ኪልት ይህን ሁሉ አልፎ የመጣ ልብስ በመሆኑ፣ ከመልበሳችን በፊት ጥቂት ነገር ማወቅ ይገባናል ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉም በላይ የሚዘወተረው ስህተት ኪልትን እንደ ሱሪ ዳሌ ላይ ማሰር ነው። ባለፈው ጊዜ በአንድ የኮንሰርት አዳራሽ የኮት ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ አንድ የአገሬ ልጅ አገኘሁ። የተከራየው ኪልት ጥሩ የሱፍ ጨርቅ ነበር፤ ነገር ግን ዘርፉ ከጉልበቱ አልፎ ባቱ ላይ ወርዶ፣ ከኋላ ያለው ሽንሽን ተከፍቶ፣ ሸሚዙም ከወገቡ ወጥቶ ነበር። «ጋሼ፣ ልኬን የሰጡኝ አልመሰለኝም» አለኝ። ልኩስ ልኩ ነበር። «ዘለበቶቹን ፍታና እስከ እምብርትህ ድረስ ወደ ላይ ሳበው» አልኩት። እንዳልኩት ቢያደርግ ዘርፉ ጉልበቱ መሐል ላይ ቆመ፣ ሽንሽኑም ተሰብስቦ ቀጥ ብሎ ወረደ። የኪልት ወገብ ከሱሪ ወገብ በጣም ከፍ ይላል፤ ርዝመቱም ከጉልበት ሎሚ ላይኛው ጠርዝ እስከ መሐሉ ባለው ቦታ ላይ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ሲያዝዙም ሆነ ሲከራዩ የሱሪዎን ቁጥር አይንገሩ፤ እምብርትዎ ላይ በሜትር ያስለኩ።

ሁለተኛው ስህተት ፊትና ኋላውን ማምታታት ነው። የሽንሽን ቀሚስ ዙሪያውን የተሸነሸነ ስለሆነ ዓይናችን ያንን ለምዷል፤ ኪልት ግን ሽንሽኑ ከኋላ ብቻ ነው፣ ፊቱ ዝርግ ነው። ዝርጉ ክፍል ሁለት ድርብ ሲሆን፣ ከስር የሚውለው በግራ ወገብ በኩል፣ ከላይ የሚደረበው ደግሞ በቀኝ በኩል በዘለበት ይታሰራል። ከላይኛው ድርብ በስተቀኝ ወደ ታች የሚሰካው ጌጠኛ መርፌ ቁልፍ ሁለቱን ድርብ አንድ ላይ ለማያያዝ የተሠራ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይህ ጨርቁን ያበላሻል፤ ሰውየው ሲቀመጥ ወይም ሲራመድ ሁለቱ ድርቦች በየፊናቸው ስለሚሳቡ ሱፉ በመርፌው ዙሪያ ይቀደዳል። መርፌው የሚሰካው በላይኛው ድርብ ላይ ብቻ ነው።

ከፊት የሚንጠለጠለው ስፖራን የተባለው የቆዳ ቦርሳም ቦታ አለው። ኪልት ኪስ ስለሌለው ስልክና ቲኬት የሚገቡት እዚያ ነው። ከቀበቶው ዘለበት በታች በአንድ መዳፍ ስፋት ያህል ዝቅ ብሎ መሐል ላይ ይቀመጥ፤ ከዚያ ከወረደ በእያንዳንዱ እርምጃ ጭንዎን ይመታዎታል። ፀጉር ያለው ዓይነት ለምሽት ክብረ በዓል ነው፤ ለኮንሰርት ቀለል ያለው የቆዳው ይበቃል።

ይህ ከልክ በላይ ወደ መልበስ ስህተት ያሻግረናል። የሠርግ ፎቶግራፍ አይተው የተዘጋጁ ሰዎች ባለ ብር ቁልፍ አጭር ኮት፣ ሰደርያና ቢራቢሮ መሰል ክራቫት አድርገው ይመጣሉ። ያ አለባበስ የእራት ግብዣና የሠርግ ነው። በሙዚቃ አዳራሽ ውስጥ ኪልት ከለበሱት ብዙዎቹ ተራ ሸሚዝ ወይም ሹራብ፣ ወፍራም የሱፍ ካልሲና ጠንካራ ጫማ ያደረጉ ናቸው። ደንበኛው ኪልት እስከ 8 ያርድ፣ ማለትም ከ7 ሜትር በላይ የሱፍ ጨርቅ ይፈጃል፤ ስለዚህ ውጪው ቢበርድም ሰው በሞላበት አዳራሽ ውስጥ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ከላይ ቀለል ማለት ይሻላል። ካልሲው ከጉልበት በታች ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ትቶ ይታጠፋል። የባህል ጫማው ምላስ የለውም፤ ረጅም ማሰሪያውም ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ብሎ ይታሰራል እንጂ ባት ድረስ አይጠመጠምም።

ታርታን፣ ማለትም የኪልቱ ባለ መስመር ዳማ ጨርቅ፣ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት የሚጨነቅበት ጉዳይ ነው። የየጎሣው ታርታን አለ፤ የዚያ ጎሣ ተወላጅ ያልሆነ ሰው እንዳይለብሰው የሚከለክል ሕግ ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው የስኮትላንድ የታርታን መዝገብ የጎሣ ብቻ ሳይሆን የአውራጃ፣ የከተማና የተቋም ታርታኖችንም ይመዘግባል። በልማድ ለንጉሣውያን ቤተሰብ የተተወውን ባልሞራልን ከመምረጥ መታቀብ ግን ጨዋነት ነው። እኔ ለእንግዳ የምመክረው ብላክ ዎች የተባለውን ጥቁር አረንጓዴና ጥቁር ሰማያዊ ታርታን ነው፤ የወታደራዊ ክፍለ ጦር መለያ ሆኖ የቆየ ቢሆንም ከየትኛውም ጎሣ የሆነ ሰው ሲለብሰው የኖረ ነው። ለአገር ጎብኚዎች የሚሸጠውን ቀጭን የአርቴፊሻል ጨርቅ ኪልት ግን ባይገዙ ይሻላል። ሽንሽኑ ስለማይከብድ በነፋስ ይገለጣል፤ በዚያው ገንዘብ ደህና የሱፍ ኪልት ለአንድ ምሽት መከራየት ይቻላል።

ሌላው ስህተት «ኬልቲክ» የሚለውን ቃል ከስኮትላንድ ጋር ብቻ ማያያዝ ነው። አየርላንድ፣ ዌልስ፣ አይል ኦፍ ማን የተባለችው ደሴት፣ ኮርንዋልና በፈረንሳይ ያለችው ብሪታኒም ኬልቲክ ይባላሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በብሪታኒዋ ሎሪያን ከተማ በየነሐሴው የሚካሄደው ፌስቲቫል ሁሉንም ያሰባስባል። የአየርላንድ ሙዚቀኞች በሚጫወቱበት ምሽት ኪልት መልበስ ስድብ ባይሆንም፣ «የእናንተን ልብስ ለብሼ መጣሁ» ብሎ ለአየርላንዳዊ መንገር ግን ስህተት ነው። ኪልት በአየርላንድ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በነበረው የባህል መነቃቃት ሲሆን፣ ዛሬም በብዛት የሚታየው በባግፓይፕ ነፊዎች ላይ ነው።

ካልሲ ውስጥ የሚሻጠውን ስኪያን ዱ የተባለውን ትንሽ ቢላዋ ወደ ኮንሰርት ይዘው አይሂዱ። የስኮትላንድ ሕግ የብሔራዊ ልብስ አካል ሆኖ መያዙን እንደ በቂ ምክንያት ይቀበላል፤ ይሁንና የአዳራሽ ጥበቃዎች በር ላይ ሊያስቀሩት ይችላሉ፣ በአውሮፕላንም በእጅ ሻንጣ አይገባም። ያለ እርሱ አለባበሱ አይጎድልም፤ ከወደዱት ስለት የሌለው፣ እጀታው ብቻ የሆነ ማስመሰያ ይሸጣል።

አቀማመጥ ላይ ደግሞ ልምምድ ያስፈልጋል። ከመቀመጥዎ በፊት በመዳፍዎ ሽንሽኑን ከኋላ ወደ ታች ጠርገው ከስርዎ ያስተካክሉት፤ ያለዚያ ጨርቁ ተጨማድዶ በእረፍት ሰዓት ሲነሱ እንደተጨማደደ ይቀራል። ከተቀመጡ በኋላ ጉልበትዎን ገጠም አድርገው ስፖራኑ መሐል ላይ እንዲወርድ ይተዉት። ከኪልት ስር ምንም አይለበስም የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ያሳስታል። በኮንሰርቱ መጨረሻ ወንበሮች ተነሥተው ኬሊ የተባለው የኅብረት ጭፈራ ሲጀመር፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ መሽከርከር ስላለ ሽንሽኑ ይበተናል፤ በዙሪያውም ሕፃናትና አዛውንት አሉ። የውስጥ ሱሪ ይልበሱ፤ የተከራዩት ከሆነማ ከእርስዎ በኋላ ለሚለብሰው ሰው ሲሉ ግዴታ ነው። ለጭፈራው ስፖራኑን ወደ ጎን ዳሌዎ ማዞር የተለመደ ነው።

ቤት ሲመለሱ ላቡ እስኪደርቅ ኪልቱን በወገቡ በኩል በመቆንጠጫ መስቀያ አንጠልጥለው ያሳድሩት። በልብስ ማጠቢያ ማሽን ፈጽሞ አይክተቱት፤ ሱፉ ይሸበሸባል፣ ሽንሽኑም ወደ ቦታው አይመለስም። ጠብታ ካረፈበት በእርጥብ ጨርቅ ቀስ ብለው ያንሡ፤ መተኮስ ካስፈለገ ሽንሽኑን አንድ በአንድ በረጅም ስፌት ከያዙ በኋላ እርጥብ ጨርቅ አልብሰው ይተኩሱት፣ ክሩንም ጨርቁ ሲቀዘቅዝ ይምዘዙት።