ቁራው የቱ ጋ ነው? ኩፋሌን ከዘፍጥረት ጎን ማንበብ

ደብተር አውጡና ገጹን በመስመር ለሁለት ክፈሉት። ግራው ለዘፍጥረት፣ ቀኙ ለመጽሐፈ ኩፋሌ። እኔም ደብረ ብርሃን ማታ ብርዱ ሲጠና ጋቢዬን ደርቤ የምሠራው ይህንኑ ነው።

የዘፍጥረትን ታሪክ እንደገና የሚተርከውን ኩፋሌን ከሰማኒያ አሐዱ የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት አንዱ አድርገን እናውቀዋለን። አጥኚዎች እንደሚሉት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት አንድ አይሁዳዊ በዕብራይስጥ ጻፈው። የዕብራይስጡ ቁርጥራጭ በቁምራን ዋሻዎች ተገኝቷል፤ ሙሉውን ያቆየው ግን ግዕዝ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ዘፍጥረት 11ን እና 12ን ብቻ አንብቡ። ያልተነገረውን በጥያቄ ጻፉ። አብርሃም ከአገሩ ሲወጣ 75 ዓመቱ ነው፤ ልጅነቱስ የት ሄደ? ወንድሙ ሐራን አባቱ ሳይሞት ሞተ፤ ምን ገደለው?

ኩፋሌን ቀድማችሁ ከከፈታችሁ ሁለቱ ይደባለቁባችኋል። እኔን ደርሶብኛል። ጽዋ ማኅበር ላይ የቁራውን ታሪክ «ዘፍጥረት ላይ እንዳለው» ብዬ ጀመርኩ። አንዲት እናት መነጽራቸውን አድርገው ገለጡ፣ ገለጡና «የኔ ልጅ፣ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። መግቢያ ጠፋኝ።

ያለው ኩፋሌ ላይ ነው። አብርሃም የ14 ዓመት ልጅ ነው። የዘር ጊዜ ደርሶ ሰዉ ሁሉ ዘሩን ከቁራ ሊጠብቅ ወጥቷል። ቁራው እንደ ደመና ሲመጣ ልጁ ሮጦ «ወደ መጣችሁበት ተመለሱ» ብሎ ይጮኻል። ይመለሳሉ፤ በአንድ ቀን 70 ጊዜ። በኋላም ዘሩ ማረሻው ላይ እየወረደ አፈር የሚገባበትን ዕቃ ለእንጨት ሠሪዎች ያሳያል። እኔም መንዝ ገብስ ሲዘራ፣ በሬው ዘሩን እስኪያለብሰው ወንጭፍ ይዤ ወፍ ጠብቄአለሁ። ጸሐፊው ማሳ ዳር የቆመ ሰው ነው ባይ ነኝ።

አሁን «ውሸት ነው፣ እውነት ነው?» ከማለት በፊት የሐሳቡን ዘር ፈልጉ። ዘፍጥረት 15 ላይ አብርሃም ከመሥዋዕቱ ሥጋ ወፎችን ያባርራል። የኩፋሌ ጸሐፊ ልጁን ከዚያ ሽማግሌ ሳይስለው አልቀረም።

ሐራንም እንዲሁ። በኩፋሌ አብርሃም የጣዖቱን ቤት በሌሊት ያቃጥላል፤ ሐራን ጣዖቶቹን ሊያድን ገብቶ እሳቱ ይበላዋል። ከተማዋ ኡር ናት። በዕብራይስጥ «ኡር» እሳት ማለትም ነው።

የተዘለለውንም በቀይ አስምሩ። ግብፅ ላይ አብርሃም ሣራን «እህቴ ናት» ያለው ኩፋሌ ውስጥ የለም፤ በግድ ተወሰደች ይላል። የ1ኛው መቶ ዓመት አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስም ለግሪክና ለሮም አንባቢ ሲጽፍ የወርቁን ጥጃ ጨርሶ ትቶታል።

ለነገ ማታ ዘፍጥረት 22ን ያዙ። «ለምን ፈተነው?» ብላችሁ በግራ በኩል ጻፉና ኩፋሌ ላይ መስቴማ የሚባለውን ፈልጉ። ስታገኙት ኢዮብ ምዕራፍ 1ንም አጠገቡ ዘርጉት።