የቻይንኛዋ «ለ» ለምን ታስቸግራለች? ችግሩና መፍትሄው

እንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው ቻይንኛ ሲጀምር የሚፈራው ፊደሉን ነው። ቆይቶ የሚያንገላታው ግን እነዚያ ጥቃቅን ቃላት ናቸው፦ ለ፣ ጉዎ፣ ማ፣ ደ። እናንተም ቻይንኛን በእንግሊዝኛ ከተጻፈ መጽሐፍ የምትማሩ ከሆነ በሽታው ይጋባልና ልብ በሉ።

ምልክቱ፦ ያለፈ ነገር ባወራ ቁጥር «ለ» ይለጥፋል። «ትናንት ሥራ በዝቶብኝ ነበር» ለማለት «ዙዎቲየን ዎ ኸን ማንግ ለ» ይላል። ስህተት ነው፤ «ለ» እዚህ ቦታ የላትም።

ምክንያቱ፦ እንግሊዝኛ ግሱ ላይ ጊዜን እንድታመለክት ያስገድድሃል። ተማሪው ሳይታወቀው የኃላፊ ጊዜ ምልክት ሲፈልግ «ለ»ን ያገኝና እፎይ ይላል። እሷ ግን ጊዜ አትቆጥርም። ግስ ተከትላ ስትመጣ ድርጊቱ አለቀ ትላለች፣ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ስትቀመጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ነገሩ ተለወጠ ማለቷ ነው፣ ለዚህም ነው ስለ ነገ እየተወራ እንኳ የምትገባው፦ «ሚንግቲየን ዎ ቺ ለ ፋን ጂዮው ቹ»፣ ነገ ምግብ በልቼ እሄዳለሁ። የኛው «በልቼ» ለትናንትም ለነገም እንደሚሆን ማለት ነው።

መፍትሄው፦ «መቼ ሆነ?» የሚለውን ትቶ «ምን አለቀ? ምን ተለወጠ?» ብሎ ይጠይቅ። ሥራ መብዛት ሁኔታ ነው፤ ያለቀ ድርጊት የለም፣ ስለዚህ «ለ» የለም። እኛ እዚህ ጋ ዕድለኞች ነን። እናትህ ስትጠራህ ገና ከአልጋ ሳትነሳ «መጣሁ!» ትል የለ? ቻይናዊውም «ላይ ለ!» ይላል። ቃል በቃል «መጣሁ» ነው፣ ሰውየው ግን ገና መንገድ አልጀመረም።

ሌላው ምልክት «አልበላሁም» ለማለት «ዎ ሜይ ቺ ለ» ማለት ነው። ያልተበላ ምን አለቀ? «አል-» የምትለዋ «ሜይ» ስትገባ «ለ» ትወጣለች፣ በቃ። («ሦስት ቀን ሙሉ አልበላሁም» ሲባል ተመልሳ ትመጣለች፣ እሱን ግን ለኋላ አቆዩት።)

«ጉዎ»ን ከ«ለ» ጋር የሚያምታታም አለ። አጠገቡ ስለተቀመጠ ጓደኛው «ታ ቹ ለ ጆንግጉዎ» ይልና ሰሚው ግራ ይጋባል፣ ምክንያቱም ያለው «ቻይና ሄዷል» ነው። «ታ ቹ ጉዎ ጆንግጉዎ» ቢል ግን «ሄዶ ያውቃል» ይሆን ነበር። መፍትሄው ለኛ አንድ ቃል ነው፦ «ያውቃል» የምትሉበት ቦታ «ጉዎ» አስገቡ።

«ማ»ን እንደ ጥያቄ ምልክት ቆጥሮ ጥያቄ ሁሉ ጫፍ ላይ የሚሰካትም ሞልቷል፦ «ኒ ሺ ሼይ ማ?» ይሄ በኛ «አንተ ማን ነህ ወይ?» እንደማለት ነው። ማን፣ ምን፣ የት ካለ ጥያቄው ተጠይቋል። «ማ» አዎ ወይም አይደለም ለሚባልበት ብቻ ናት። ደግሞ ሲናገራት ድምፁን ቀለል ያድርግ። እንግሊዝኛ ጥያቄ ላይ ድምፅን ወደ ላይ ስለሚጎትት ልማዱ እዚህም ይከተለዋል፣ ወደ ላይ የወጣች «ማ» ደግሞ ሌላ ቃል ነች።

የቀረችው «ደ» ናት። እንግሊዝኛ «መጽሐፉ» ብሎ ከጀመረ በኋላ ነው «የገዛሁት» የሚለውን የሚያመጣው፣ ቻይንኛ ግን እንደኛው ገላጩን ያስቀድማል፦ «ዎ ማይ ደ ሹ»፣ የገዛሁት መጽሐፍ። ስለዚህ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ከጭራው መጀመር አለበት፣ እናንተ ደግሞ አማርኛችሁን ተከተሉ፣ የኛ «የ» ከፊት ስትመጣ «ደ» ከኋላ መምጣቷን ብቻ እያስታወሳችሁ። ጣጣው ሲጻፍ ነው። ሲነገሩ አንድ የሆኑ ሦስት «ደ»ዎች አሉ፣ ፊደላቸው ግን የተለያየ ነው። ቻይናውያን ራሳቸው ስልክ ላይ ሲጽፉ ያምታቷቸዋል፣ ስለዚህ ይሄን ለፈተና ሰሞን አቆዩት።