ከትምህርት ገበታ ውጪ ለሆኑ የሀዋሳ ወጣቶች የድጋፍ ገንዘብ ማመልከቻ አዘገጃጀት

የለጋሽ ድርጅት ጥሪ ሲወጣ ቅጹን ከመሙላት በፊት፣ ሊማሩ የታሰቡት ወጣቶች በቀን ውስጥ በየትኛው ሰዓት ነፃ እንደሚሆኑ ወርዶ መጠየቅ ይቀድማል። በሐይቁ ዳር ባለው በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዓሣ በማጽዳት የሚተዳደር ወጣት ጠዋቱን በሥራ ያሳልፋል፤ ባጃጅ የሚነዳው ተሳፋሪ በሚበዛበት ሰዓት ክፍል ውስጥ አይገኝም፤ በኢንዱስትሪ ፓርኩ በፈረቃ የምትሠራው ደግሞ ፈረቃዋ በተቀየረ ቁጥር የመማሪያ ሰዓቷም ይቀየራል። ይህን ሳያጠና «በሳምንት አምስት ቀን፣ ከ3 እስከ 6 ሰዓት» ብሎ የጻፈ አመልካች በጀቱን የሠራው ለባዶ ወንበር ነው። ከ30 እስከ 40 የሚሆኑ ወጣቶችን አነጋግሮ ነፃ ሰዓታቸውን፣ ትምህርት ያቋረጡበትን ክፍልና ምክንያቱን በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ማስፈር ለቀረው ሰነድ ሁሉ መሠረት ይሆናል።

ዕድሜም ተለይቶ መመዝገብ አለበት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን የሚከለክል ሲሆን፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይም ሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ እንዳይሠራ ይደነግጋል። ስለዚህ የ13 ዓመቱ ሊስትሮና የ22 ዓመቷ የፋብሪካ ሠራተኛ «ተጠቃሚዎች» በሚል አንድ ቃል ሊጠቃለሉ አይገባም፤ ለእርሱ ያመለጡትን ክፍሎች በአጭር ጊዜ የሚያካክስ የተፋጠነ ትምህርት ሰጥቶ ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት መመለስ፣ ለእርሷ የማታ ትምህርት ወይም አጭር የሙያ ሥልጠና ነው የሚታቀደው።

አመልካቹ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የተመዘገበ መሆን ይኖርበታል። ምዝገባ የሌለው የበጎ ፈቃድ ስብስብ ከተመዘገበ ድርጅት ጋር በጽሑፍ ተስማምቶ አብሮ ቢያመለክት ይሻለዋል።

የለጋሹን ጠባይ ማወቅም ያስፈልጋል። የጃፓን ኤምባሲ ለአነስተኛ የማኅበረሰብ ፕሮጀክቶች የሚሰጠው ድጋፍ በዋናነት ለግንባታና ለቁሳቁስ ስለሚውል፣ የመምህራን ደመወዝ ይዞ ወደዚያ መሄድ ድካም ነው። የአውሮፓ ኅብረት በብዙ ጥሪዎቹ መጀመሪያ አጭር የሐሳብ ሰነድ ይቀበልና ያለፉትን ብቻ ሙሉ ፕሮፖዛል ይጠይቃል፤ ለተዘዋዋሪ ወጪም፣ ማለትም ለአንድ የፕሮጀክት ሥራ ብቻ ተለይቶ ለማይመደብ የድርጅቱ የጋራ ወጪ፣ ከ7 በመቶ በላይ አይፈቅድም። የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት በ2017 ዓ.ም. ሥራውን ካቆመ ወዲህ በቀሩት በሮች ላይ የሚሰለፈው አመልካች መብዛቱ የሚጠበቅ ነው።

ብዙ ማመልከቻ የሚሰናከለው በበጀቱ ላይ ስለሆነ እዚህ ጊዜ መስጠት ይገባል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። የአስተዳደር ወጪ የሚባለው ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ያልተያያዘው፣ እንደ ቢሮ ኪራይና እንደ አስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ ያለው ነው፤ ክፍል ገብቶ የሚያስተምር አመቻች ክፍያ የፕሮግራም ወጪ ነው። ከቀድሞው የ70/30 መመሪያ (ቢያንስ 70 በመቶ ለፕሮግራም፣ ቢበዛ 30 በመቶ ለአስተዳደር ይል ከነበረው) ልማድ ያልተላቀቀ የሒሳብ ባለሙያ ይህን ሲያደባልቅ አይቻለሁና ሰነዱ ከመላኩ በፊት ቢታይ መልካም ነው።

ቀጥሎ የአንድ ተማሪ ወጪ ይሰላል። ለምሳሌ ጠቅላላ በጀቱ 1,200,000 ብር፣ ተመዝጋቢው 80 ቢሆን ለአንዱ 15,000 ብር ይደርሳል፤ ትምህርቱን የሚጨርሱት 50 ከሆኑ ግን እውነተኛው ወጪ 24,000 ብር ነው። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ጽፌ ልኬ፣ ስንቱ እንደሚጨርስ ስጠየቅ መልስ አጥቻለሁ። ሁለቱንም ቁጥሮች አስቀምጦ፣ ማቋረጥን ለመቀነስ የተያዘውን ወጪ፣ ለምሳሌ የትራንስፖርት አበልን ወይም ልጅ ላላቸው እናቶች የሕፃናት ማቆያን፣ ከዚያው ጎን ማስረዳት ገምጋሚውን ያሳምናል። የምንዛሪ ተመንም በግልጽ ይጻፍ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በውጭ ምንዛሪ የተፈቀደ ገንዘብ በብር ሲጨምር ትርፉ ለምን እንደሚውል፣ ዋጋ ሲንርም ጉድለቱ ከየት እንደሚሸፈን ከለጋሹ ጋር አስቀድሞ መስማማት በኦዲት ጊዜ ከሚመጣ ጭቅጭቅ ያድናል።

ከከተማው የትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚገኘው የድጋፍ ደብዳቤ የተለመደ ነው፤ ከእርሱ የሚበልጠው ግን ተማሪዎቹን መልሶ የሚቀበለው ትምህርት ቤት የሚጽፈው ነው። ደብዳቤው ስንት ተማሪ፣ በምን ዓይነት የምደባ ፈተና፣ በየትኛው ክፍል እንደሚቀበል በቁጥር ሊገልጽ ይገባል። በሀዋሳ ሲዳምኛም አማርኛም ስለሚነገር፣ ተማሪው በየትኛው ቋንቋ ተምሮ በየትኛው እንደሚቀጥል በዚያው ይወሰን፤ ይህ ሳይታሰብ ቀርቶ በሲዳምኛ የተማረ ልጅ በአማርኛ ወደሚያስተምር ክፍል ቢላክ የወራት ልፋት ይባክናል።

ኢንተርኔትና መብራት ሊቋረጡ ስለሚችሉ ሰነዱን ከማብቂያው ቀን ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድሞ መላክና የመድረሻ ማረጋገጫውን ማስቀመጥ ይገባል። ውጤቱ ውድቅ ከሆነ የገምጋሚዎቹን አስተያየትና ነጥብ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፤ የተገኘው አስተያየት ከመጀመሪያው የወጣቶች ሠንጠረዥ ጋር በአንድ ፋይል ተያይዞ ለሚቀጥለው ጥሪ ይቀመጣል።