የአኳሪየም ማስቀመጫ ከእንጨት እንዴት ይሠራል

ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 45 ሴ.ሜ. የሆነ አኳሪየም (የመስታወት የዓሣ ገንዳ) 180 ሊትር፣ ማለትም 180 ኪሎ ውሃ ይይዛል። ባለ 8 ሚሊ መስታወት ከሆነ ራሱ 33 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ አሸዋና ድንጋዩ ሌላ 25 ኪሎ ይጨምራል። ሁለት ኩንታል ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጭነት ነው። ያን ያህል ጤፍ ቢሆን ጆንያው እንደ ወለሉ ተመቻችቶ ይተኛል። መስታወት ግን አይመቻችም፤ ከሥሩ ያለው እንጨት በጥቂት ሚሊ ሜትር ከተጣመመ ጫናው አንድ ጥግ ላይ ይከመርና ይሰነጠቃል።

ጎጃም ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው። ጥንካሬው ይበቃል፣ ጠባዩ ግን ክፉ ነው፤ እርጥቡን ከተሠራ ሲደርቅ ይጠማዘዛል። ነሐሴ ላይ ዝናብ ሲመታው የተገዛ ሞራሌ (አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ እንጨት) ጥር ሲገባ ሌላ እንጨት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በበጋ ገዝቶ፣ በየመሐሉ ስንጥር እያስገቡ ጥላ ውስጥ ደርድሮ በደንብ እስኪደርቅ ማቆየት ነው። አቅም ለፈቀደለት ዋንዛ ይሻላል፤ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። ቺፑድ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ግን አይታሰብ፤ ውሃ ሲነካው አብጦ ይፈረፈራል።

ባለ 5 በ 7 ሴ.ሜ. ሞራሌ እንዲህ ይቆረጣል፦

- 4 ባለ 100 ሴ.ሜ. (የላይና የታች ክፈፍ ርዝመት)
- 5 ባለ 30 ሴ.ሜ. (አግዳሚ፦ ሦስቱ ለላይ፣ ሁለቱ ለታች)
- 4 ባለ 61 ሴ.ሜ. (እግር)

ሲደመር 7.94 ሜትር ነውና ሁለት ባለ 4 ሜትር የሚበቃ ይመስላል። አይበቃም፤ በየቁርጡ መጋዙም የሚበላው አለ። ሦስት ይገዛል።

ክፈፎቹ ሞራሌው በጠርዙ ቆሞ፣ 7 ሴንቲው ወደ ላይ ሆኖ ይገጠማሉ። በኮላና በቪቴ (ጥርስ ባለው ምስማር) ይታሰራሉ፤ ለባለ 4 ሚሊ ቪቴ አስቀድሞ በ3 ሚሊ ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) መብሳት ግድ ነው፤ አለዚያ ባሕር ዛፍ ጫፉ ላይ ይተረተራል። ኮላው ሳይደርቅ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ይለካ፤ ሁለቱም ልኬት 107.7 ሴ.ሜ. ካልመጣ ክፈፉ ተንጋዷል።

ዋናው ነገር እግሩ ላይ ነው። እግሩ ከክፈፉ ጎን በቪቴ ተለጥፎ የሚሠራ ብዙ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ጭነቱን ሁሉ የሚሸከመው ቪቴው ነው፣ ከጊዜ በኋላም ይላላል ወይም ይቆረጣል። እግሩ በታችኛው ክፈፍ ላይ ይቁም፣ የላይኛው ክፈፍ ደግሞ በእግሩ አናት ላይ ይረፍ። ክብደቱ ከእንጨት ወደ እንጨት ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ቪቴው በሰያፍ የሚገባው እንዳይንሸራተት ብቻ ነው። አራቱም እግሮች እኩል እንዲሆኑ አንድ ላይ አስሮ መቁረጥ ይረዳል።

ወደ ጎን መወላገዱን የሚከለክለው ባለ 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ (ስስ የእንጨት ንጣፎች ተደራርበው የተጣበቁበት ጣውላ) ነው፤ ጀርባውና ሁለቱ ጎኖች በኮላና በየ15 ሴንቲው በቪቴ ይለበጣሉ። ከላይ 100 በ 40 ሴ.ሜ. የሆነ ባለ 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ይደረብበታል። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ መቀባት፤ ውሃ የሚመጠው በእንጨቱ ጫፍ ነውና እዚያ ላይ አይቆጠብም።

ሊሾ ወለል ላይ ከሥሩ አሮጌ ከለመዳሪ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) ቆርጦ ማንጠፍ እርጥበት ይከላከላል። የመሬት ወለል ከሆነ ግን በየጥጉ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ካልገባ በአንድ ወገን ይሰምጣል። ከግድግዳው 10 ሴ.ሜ. ይራቅ።

የአኳሪየሙ ታች የፕላስቲክ ጠርዝ ከሌለው ከሥሩ 1 ሴ.ሜ. ነጭ ፎም ይነጠፋል። ውሃው እስከ ግማሽ ይሞላና አንድ ቀን ያድራል፤ በማግስቱ በውሃ ልክ ይታያል። ካዘነበለ ውሃው ተቀድቶ ይወጣና ስስ ጣውላ ከማስቀመጫው ሥር ይገባል እንጂ ከመስታወቱ ሥር ፈጽሞ አይገባም።