ዘፈን በኦንላይን ልትማሩ ነው? መጀመሪያ ቤቱን እንዲህ አርጉት

ደሴ ቁጭ ብላችሁ አዲስ አበባ ወይ ውጭ አገር ካለ አስተማሪ ድምፅ ልትማሩ ከሆነ ለመልካችሁ ብዙ አትጨነቁ። እኔ የመጀመሪያው ክላስ ቀን ፀጉሬን ተስተካክዬ፣ የጀርባዬን ግድግዳ አሳምሬ ገባሁ፣ አስተማሪዬ ግን የምትሰማው የተቆራረጠ ነገር ነው፣ ረዥም ድምፅ ስይዝ መሀል ላይ ጭልጥ ይላል፣ እኔም ኔትወርኩን ስረግም አመሸሁ። ለካ የምንገናኝበት አፕ፣ ዙም ነው!

ስለዚህ ከሱ ጀምሩ። ዙም የተሰራው ለወሬ ነው፣ ሳይቋረጥ የሚቆይ ድምፅ ሲሰማ የፋን ጩኸት ምናምን መስሎት ያፍነዋል። ሴቲንግ ውስጥ ኦሪጅናል ሳውንድ የሚል አለ፣ እሱን አብሩት፣ ክላስ ከገባችሁ በኋላም እንደበራ እዩ። እሱ ሲበራ ማጣሪያው ስለሚቀር የአስተማሪው ድምፅ ከስፒከራችሁ ወጥቶ ተመልሶ በማይክ እንዳይገባ ኢርፎን ግድ ነው፣ ባለገመዱ ይሻላል፣ ብሉቱዝ ያዘገያል። አንዱን ጆሮ ክፍት ተዉት፣ የራሳችሁን ድምፅ መስማት አለባችሁ። ገመዱ ላይ ያለችው ማይክ ልብስ ላይ ስትታሽ ጆሮ ትበጣለች፣ በልብስ መቆንጠጫ ደረታችሁ ጋ ያዟት።

እና ከአስተማሪ ጋር እኩል መዝፈን አይታሰብም፣ ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። አጃቢውን ሙዚቃ ቀድሞ በቴሌግራም ይላክላችሁና ሌላ ስልክ ተውሳችሁ እናንተ ጋ ይከፈት። ነፃው ዙም 40 ደቂቃ ላይ ስለሚዘጋ ድጋሚ የምትገቡበትን ሊንክ አስቀድማችሁ ያዙ።

ክፍሉ፣ ሴራሚክ ያለው ሳሎን ያስተጋባል፣ መኝታ ቤት ግቡና በሩ ላይ ብርድ ልብስ ወይ ጋቢ ስቀሉ። ክረምት ላይ ቆርቆሮው ከጮኸ ምንም ማድረግ አይቻልም፣ ሐምሌና ነሐሴ ጠዋት ጠዋት አርጉት። ለጎረቤትም ንገሩ። እኔ ድምፅ ከታች ወደ ላይ እየጎተትኩ ስለማመድ አንዷ እናት በር አንኳኩተው «ልጄ አመመህ እንዴ?» ብለውኛል።

ስልኩን አይናችሁ ትክክል አስቀምጡና ቆማችሁ ዘምሩ፣ ከወገብ በላይ ትታዩ፣ አስተማሪው ካሜራውን የሚፈልገው ትከሻችሁ እየተነሳ ነው ሆዳችሁ እየሰፋ ነው የምትተነፍሱት የሚለውን ለማየት ነው።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለችው፣ ከኮምቦልቻ የወጣ ሰው ትንፋሹ ቶሎ ያልቅበታል፣ የጦሳ ተራራ ጉም የወረደ ጠዋት ደግሞ ጉሮሮ እንደ እንጨት ነው። ጥጋብ ላይ አትዝፈኑ፣ ከምግብ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆዩ፣ ለብ ያለ ውሃ ፉት በሉ፣ ከዛ አስር ደቂቃ አፍ ዘግታችሁ እያንጎራጎራችሁ፣ ከንፈር እንደ ፈረስ ብርርር እያረጋችሁ ድምፃችሁን አሙቁ።

አስተማሪያችሁ የውጭ ሰው ከሆነ ሰባት ድምፅ ባለው ስኬል (ድምፆቹ በተራ በሚወጡበት መሰላል) ነው የሚያሟሟቃችሁ። ክፋት የለውም፣ ግን የኛ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ከአራቱ ሁለቱ የዚሁ የወሎ አገር ስም ናቸው እኮ! መዝፈን የምትፈልጉትን ቅኝት ኖታውን ፅፋችሁ ላኩለት፣ ለምሳሌ ባቲ ሜጀር ከዶ ሲነሳ ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ ነው። እኔ ይሄን ሳልነግራት ሁለት ወር ዶ ሬ ሚ ስል ከርሜያለሁ።

መብራት ከሄደ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፣ ፓወር ባንክና የሞባይል ዳታ ይኑራችሁ፣ ቪዲዮ በሰዓት ከግማሽ ጊጋ በላይ ይበላል። ዳታው ካነሰ ቪዲዮውን አጥፉና በድምፅ ብቻ ቀጥሉ።